በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ያለውን የሊኑክስ ሥርዓት ስለ ማደስ

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ስለ ትምህርት ቤት ጉዳይ ለሚመክሩ ሽማግሌዎች

በገጠር ባለ ትምህርት ቤት አንድ ኮምፒዩተር ብቻ የተገኘ እንደ ሆነ ሥራው ብዙ ነው። የተማሪዎች ስም፥ የየመንፈቁ ውጤት፥ የ8ኛ ክፍል ተፈታኞች ዝርዝር፥ ወደ ወረዳው የሚላከው ደብዳቤ ሁሉ በእርሱ ይጻፋል። ይህ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በሌላ መሥሪያ ቤት ያገለገለና በስጦታ ወይም በጥቂት ዋጋ የተገኘ ስለሚሆን፥ ጥቂት ዓመት እንደ ቈየ ሥራው ይዘገያል፤ አዲስ ነገር አልቀበልም ይላል፤ በመጨረሻም የትምህርት ቤቱ ሰዎች «ይህስ አርጅቷል፤ ሌላ ይገዛ» ብለው ይመክራሉ። ነገር ግን ያረጀው መሣሪያው ነው ወይስ በውስጡ ያለው ሥርዓት? ብሎ መጠየቅ ከምክሩ ሁሉ የሚቀድም ነው። የሣር ቤት ያለው ገበሬ ክዳኑ ባረጀ ጊዜ ሣሩን አውርዶ እንደ ገና ይከድናል እንጂ፥ ምሰሶውና ማገሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ቤቱን አያፈርስም። የኮምፒዩተርም ነገር እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ክዳኑ በሚለወጥበት ሰዓት በቤቱ ውስጥ ያለው እህል እንዳይበላሽ ይበልጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው፤ እህሉም የልጆቹ መዝገብ ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው የኮምፒዩተሩን ክፍሎች ሁሉ የሚያዝ ሥርዓት ነው። ቍልፉ ሲነካ ፊደሉን ተቀብሎ በመስተዋቱ ላይ የሚያሳይ፥ ጽሑፉን በዲስኩ ላይ የሚያስቀምጥ፥ ማተሚያውን የሚያንቀሳቅስ እርሱ ነው። ከነዚህ ሥርዓቶች አንዱ ሊኑክስ ይባላል። የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ የ21 ዓመት ወጣት ሲሆን፥ ሥራውን ለሰዎች ያስታወቀው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ በአገራችን ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር ያህል ቈይቶ ማለት ነው። ወጣቱ የጻፈው የሥርዓቱን ማዕከል ብቻ ነበረ። በዙሪያው የሚያስፈልጉትን ብዙ ፕሮግራሞች አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን በፈረንጅ ዓመት በ1983 ባስታወቀው ግኑ በሚባል ሥራ ሌሎች ሰዎች አስቀድመው ሲያዘጋጁ ቈይተዋል። ሁለቱ ተገናኝተው አንድ ሥርዓት ሆኑ፤ በ1992 የፈረንጅ ዓመትም ማዕከሉ ማንም ሊወስደው፥ ሊያየው፥ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊሰጠው በሚፈቅድ ውል ወጣ። ስለዚህ ለፈቃድ ዋጋ አይከፈልበትም። ለድኻ ትምህርት ቤት ይህ ታላቅ ነገር ነው።

ሊኑክስ ለአገራችን ልጆችም እንግዳ አይደለም። በፈረንጅ ዓመት በ2008 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» ከሚባለው ማኅበር አምስት ሺህ ያህል ትንንሽ አረንጓዴና ነጭ ኮምፒዩተሮች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ለተማሪዎች ታድለው ነበር። እነዚያ መሣሪያዎች ማስታወሻቸው 256 ሜጋባይት ብቻ ሲሆን የሚሠሩት በሊኑክስ ነበረ። ዛሬ በአንድ ተራ የእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ማስታወሻ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ «መሣሪያችን ደካማ ነው» የሚል ሰው፥ ለምን ሥራ ደካማ እንደ ሆነ ለይቶ ቢናገር ይሻላል።

ሊኑክስን ልዩ ልዩ ማኅበሮች በየራሳቸው አሰናድተው ያወጡታል። ከነዚህም ዴብያን የሚባለው በፈረንጅ በ1993 የተጀመረ ሲሆን፥ ኡቡንቱ የሚባለው ደግሞ ከዴብያን ተነሥቶ ማርክ ሻትልወርዝ በሚባል የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ መሪነት በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ወጣ። ኡቡንቱ ማለት በደቡብ አፍሪካ ሕዝቦች ቋንቋ ሰብአዊነት ማለት ነው። ኡቡንቱን የሚከተል ቍጥር ትርጓሜ አለው። 24.04 ሲል በፈረንጅ 2024 ዓመት በ4ኛው ወር የወጣ ማለት ነው፤ ይኸውም በእኛ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ነው። በየሁለት ዓመቱ በሚያዝያ የሚወጣው ለአምስት ዓመት ጥበቃ ይደረግለታል። ጥበቃ ማለት በሥርዓቱ ውስጥ ሌባ ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ በተገኘ ቍጥር አዘጋጆቹ መድፈኛ ልከው እንዲደፈን ማድረግ ነው። ዘመኑ ሲያልፍ መድፈኛው ይቀራል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ሊገኝ የሚችለው ኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ጥበቃው በግንቦት 2017 ዓ.ም. አልቋል። በዊንዶስ የሚሠሩትም ከዚህ ችግር አላመለጡም፤ ዊንዶስ 10 ለሁሉ ይሰጥ የነበረው መደበኛ ጥበቃ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃ ሲሆን፥ ተከታዩ ዊንዶስ 11 ደግሞ ብዙ አሮጌ መሣሪያዎችን አይቀበልም። ስለዚህ ከዊንዶስ ወደ ሊኑክስ መሻገር የሚፈልግ መምህርም ከዚህ በታች ያለው ምክር ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ መሣሪያውን መመርመር ነው። ትእዛዝ በሚጻፍበት በጥቍሩ መስኮት፥ ተርሚናል በሚባለው፥ ኤል፥ ኤስ፥ ሲ፥ ፒ፥ ዩ የሚባሉትን አምስት የላቲን ፊደሎች አያይዞ ቢጽፉ የፕሮሰሰሩን ጠባይ ይዘረዝራል። በዚያ ውስጥ 64 ቢት የሚል ከተገኘ መልካም ነው። 32 ቢት ብቻ የሚል እንደ ሆነ ግን ኡቡንቱ ለእንደዚህ ያለ መሣሪያ ማዘጋጀቱን ስለ ተወ፥ ዴብያን 12ን መያዝ ይሻላል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴብያን 13 ለ32 ቢት ኮምፒዩተር መጫኛ የለውም። ቀጥሎ የማስታወሻውን፥ ማለት የራሙን ልክ ማየት ነው። ለኡቡንቱ 24.04 አዘጋጆቹ 4 ጊጋባይት ይጠይቃሉ። ዴብያን ከገበታው ጋራ ቢያንስ 1፥ ይልቁንም 2 ጊጋባይት ይበቃኛል ይላል። በ2 ጊጋባይት መሣሪያ ላይ ያጌጠውንና ከባዱን ገበታ መጫን አህያ ላይ የበቅሎ ጭነት እንደ መጫን ነው፤ ሉቡንቱ ወይም ዙቡንቱ የሚባሉትን ቀላሎቹን፥ ወይም ዴብያንን ኤክስ-ኤፍ-ሲ-ኢ ከሚባለው ቀላል ገበታ ጋራ መምረጥ ይገባል።

ማስታወሻው ካነሰ መጨመር ይቻላል፤ ለዚህም ብዙ ሰው የሚሄደው ወደ መርካቶ ነው። በአዲስ አበባ በመርካቶ በኩል ያለው ድልድይ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ስም ይጠራል፤ እርሳቸውም በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የጦር ሚኒስትር የሆኑና በ1919 ዓ.ም. ያረፉ ታላቅ ሰው ናቸው። ከዚህ ድልድይ ወዲያ ያለው ገበያ ያገለገለ ዕቃ እንደ ገና ነፍስ የሚዘራበት ነው። ምናለሽ ተራ የሚባለውን ሠፈር ያየ ሰው፥ የተጣለ ብረትና ቆርቆሮ ምጣድና ማንደጃ ሲሆን አይቶ ይመለሳል። የኮምፒዩተር ዕቃ ግን እንደ ብረት ተቀጥቅጦ ልኩን አይይዝም። ስለዚህ ከገጠር የሚመጣ መምህር ዕቃውን በቃል ብቻ እየጠራ እንዳይገዛ እንመክራለን። ራም የሚባለው ሰሌዳ ዲዲአር 2፥ ዲዲአር 3፥ ዲዲአር 4 እየተባለ በትውልድ ይለያል፤ የእያንዳንዱ የታችኛው ጥርስ ቦታው የተለየ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በግድ ቢገፉት ይሰብራል። የላፕቶፑም ከጠረጴዛው ኮምፒዩተር ያጥራል። አሮጌውን ራም ነቅሎ፥ በወረቀት ጠቅልሎ፥ ይዞ መሄድና ከሚገዛው ጋራ ጐን ለጐን ማስተያየት ነው። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ቢሆንና ራሙም ከ2 ጊጋባይት የማያንስ ቢሆን፥ እኛ የምንመርጠው የሚሽከረከረውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በሚባለው መለወጥን ነው። የሚሽከረከረው ዲስክ በመንገድ መንቀጥቀጥ ይጐዳል፤ ያለ ዕድሜውም ይሞታል፤ ኤስኤስዲው ግን ምንም የሚንቀሳቀስ አካል ስለ ሌለው ይችላል፥ የመሣሪያውንም ፍጥነት ከሁሉ ይልቅ ይለውጣል።

እግረ መንገዱን አንዲት ትንሽ ባትሪ ቢገዛ አይጸጸትም። ስሟ ሲአር 2032 ነው፤ እንደ ሳንቲም ክብ ስትሆን ወርዷ 20 ሚሊሜትር፥ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር ነው፤ ቍጥሯም የተሰጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ሥራዋ ኮምፒዩተሩ በጠፋ ጊዜ ሰዓቱን እንዳይረሳ መጠበቅ ነው። ይህ ጥቂት ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በአገራችን ሥርዓት ማደስን ከሚያሰናክሉት ነገሮች አንዱ ሰዓት ስለ ሆነ ሰፋ አድርገን እንናገራለን።

ሊኑክስ አዳዲስ ፕሮግራሞችን ከሩቅ ካለ ግምጃ ቤት ሲያመጣ፥ ዝርዝሩ መቼ እንደ ተጻፈ ቀኑንና ሰዓቱን ይመለከታል። የኮምፒዩተሩ ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ እንደ ሆነ፥ ዛሬ የተጻፈው ዝርዝር ገና ባልመጣ ጊዜ የተጻፈ መስሎ ስለሚታየው «ይህ ገና አልጸናም» ብሎ ይመልሰዋል። ባትሪዋ ስትሞት ኮምፒዩተሩ በበራ ቍጥር ወደ ብዙ ዓመት ኋላ ይመለሳል። ከዚህም ሌላ በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ ምክንያት አለ። ከጧቱ 3 ሰዓት ሲሆን ኮምፒዩተሩ 9 ይላል፤ ይህን ያየ ሰው «ሰዓቱ ተሳስቷል» ብሎ፥ በራሱ እንዳይታረምም ዘግቶ፥ በእጁ 3 ያደርገዋል። በፈረንጅ አቈጣጠር ግን ያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ መሣሪያው በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ዓመቱንም በእኛ አቈጣጠር የጻፈ እንደ ሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የኢንተርኔት ገጾች ሁሉ የምስክር ወረቀታቸው ያልደረሰ መስሎ ስለሚታይ አይከፈቱም። መምህሩም ኢንተርኔቱ ተበላሸ ይላል፤ ወይም ቫይረስ ገባ ይላል፤ ካርድ እየሞላ ቀኑን ይጨርሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የሰዓቱን ክልል አዲስ አበባ ብሎ መምረጥ፥ ዓመቱንና ሰዓቱን በፈረንጅ መተው፥ በራሱ እንዲታረም የሚያደርገውንም መክፈት ነው። የእኛን ሰዓት የሚፈልግ ከግድግዳው ላይ ያንብብ።

ከዚህ በኋላ የመዝገቡ ነገር ይመጣል። ማናቸውም ዕድሳት ከመጀመሩ አስቀድሞ የትምህርት ቤቱ ጽሑፍ ሁሉ በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ መገልበጥ አለበት፤ አንዱ በፍላሽ፥ ሁለተኛው በሌላ ዲስክ ወይም በወረዳው ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ይሁን። አንድ ግልባጭ ብቻ ያለው ሰው ግልባጭ እንደ ሌለው ይቈጠር፤ ፍላሽ በኪስ ይጠፋል፥ በውኃ ይበላሻል፥ ከመንገድ ላይ ካለ ኮምፒዩተርም ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። የተገለበጠውንም በሌላ ኮምፒዩተር ከፍቶ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ስሙ ተጽፎ ውስጡ ባዶ የሆነ ፋይል ሊኖር ይችላልና።

እዚህ ላይ አማርኛ ለሚጽፉ ሌላ ወጥመድ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በፈረንጅ ዓመት በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፥ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ እያስቀመጡ ያጽፉ ነበር። በዚያ የተጻፈ የተማሪ ስም ዝርዝር ያ የፊደል ቅርጽ ወደሌለበት ሊኑክስ ሲሄድ ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። ጽሑፉ ግን አልጠፋም፤ የሚያነበው ነው የጠፋው። ስለዚህ አሮጌው ሥርዓት ገና እየሠራ ሳለ እያንዳንዱን መዝገብ ከፍቶ፥ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ ፕሮግራም ከተገኘ መለወጥ፥ ካልተገኘ በወረቀት ማተም ወይም ፒዲኤፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከዕድሳቱ በኋላ እንለውጠዋለን ያለ፥ መለወጫው ሲጠፋበት የአራትና የአምስት ዓመት ውጤት እንደ ገና በእጁ ሊጽፍ ነው።

ማደሻው በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው በኢንተርኔት ደረጃ በደረጃ መውጣት ነው። ኡቡንቱ ባለ ረጅም ጥበቃዎቹን ደረጃ እንዲዘሉበት አይፈቅድም፤ ከ20.04 ወደ 22.04፥ ከዚያም ወደ 24.04 መሄድ ግድ ነው። ዴብያንም ከ11 ወደ 12፥ ከ12 ወደ 13 እንጂ አይዘለልም። በየደረጃው ከ1 ጊጋባይት በላይ መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ሥርዓቱን በሙሉ በፍላሽ ይዞ መጥቶ እንደ አዲስ መትከል ነው። ኢንተርኔት በሚቈራረጥበትና ዋጋው በሚከብድበት አገር እኛ የምንመክረው ይህን ነው። የኡቡንቱ 24.04 መጫኛ ወደ 6 ጊጋባይት ስለሚጠጋ፥ በከተማ ጥሩ መሥመር ባለበት ቦታ አውርዶ ከ8 ጊጋባይት በማያንስ ፍላሽ ላይ ማዘጋጀት ይቻላል። ባወረደ ጊዜ ግን ሙሉ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ጥንት የብራና ጸሐፊ ከቀዳው መጽሐፍ ጋራ ቅጂውን ያመሳክር እንደ ነበረ፥ ኮምፒዩተርም ሻ-256 በሚባል ስሌት ከፋይሉ 64 ፊደልና አኃዝ ያለው ማኅተም ያወጣል፤ አዘጋጆቹ ካሳተሙት ጋራ አንድ ሆኖ ከተገኘ ፋይሉ ደኅና ነው፤ በአንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ተጥሎ እንደ ገና ይወረድ። የፍላሹ ሌላ ጥቅም፥ ሳይተክሉ ከፍላሹ አስነሥተው ማተሚያው፥ ድምፁና ዋይፋዩ መሥራታቸውን መሞከር መቻሉ ነው። በዚህ ሙከራ ያልሠራ ነገር ከተከሉት በኋላ ይሠራል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም። ለመትከል ሲቈርጡ ግን መጫኛው ዲስኩን ላጥፋው ወይ? ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ የተባለ እንደ ሆነ በዲስኩ የነበረው ሁሉ አይመለስም።

ጊዜውም ይመረጥ። የፈተና ሰሞን አይሆንም። ብዙዎች ትምህርት ቤቱ ስለ ተዘጋ ሐምሌን ይመርጣሉ፤ ነገር ግን ነጐድጓዱና የመብራቱ መጥፋት የሚበዛው በዚያ ወራት ነው። በሁለቱ መንፈቅ መካከል ያለው ዕረፍት ይሻላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፥ የጠረጴዛ ከሆነ ዩፒኤስ ከሚባለው የመብራት መጠባበቂያ ጋራ ተያይዞ ይጀመር። ዩፒኤስ የሌለው ትምህርት ቤት ለአንድ ቀን ከወረዳው ወይም ከጤና ጣቢያው ቢዋስ አያፍርበትም።

በኢንተርኔት የሚያድስ ሰው በተርሚናሉ መጀመሪያ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፥ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ብሎ ያለውን ያሟላል፤ ከዚያ በኡቡንቱ «ሱዶ ዱ-ሪሊዝ-አፕግሬድ» ይላል። በመካከሉ የቀድሞውን ማስተካከያ ልጠብቅ ወይስ በአዲሱ ልለውጥ? የሚል ጥያቄ ሲመጣ፥ ነገሩን የማያውቅ ሰው የቀድሞው እንዲጠበቅ ይምረጥ። መስተዋቱ ለብዙ ጊዜ ዝም ቢል ቆሟል ብሎ ማጥፋት ትልቅ ጥፋት ነው፤ አሮጌ ዲስክ ያለው መሣሪያ ሥራውን ሲጨርስ ብዙ ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

መብራት በመካከል የጠፋ እንደ ሆነስ? ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ሲበራ መነሣት እንቢ ካለ፥ በመጀመሪያ በሚታየው ምርጫ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» በሚለው ውስጥ ገብቶ የቀድሞውን ማዕከል መምረጥ ነው፤ ሊኑክስ አዲሱን ማዕከል ሲያስገባ አሮጌውን ቶሎ አይጥለውምና። ከተነሣ በኋላ በተርሚናሉ ሱዶ ብሎ፥ ዲ፥ ፒ፥ ኬ፥ ጂ የሚባሉትን ፊደሎች አያይዞ፥ ቀጥሎ ሁለት ጭረትና «ኮንፊገር»፥ በመጨረሻም አንድ ጭረትና «ኤ» ቢጽፉ በግማሽ የቀረውን ሁሉ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህም ካልሆነ የተዘጋጀው ፍላሽ አለ፤ ግልባጩም አለ።

ሲያበቃ መምህሩ በመጀመሪያ አማርኛውን ይሞክር። አቢሲኒካ የሚባለው የፊደል ቅርጽ ከግምጃ ቤቱ በነጻ ይገኛል፤ ለመጻፊያውም ኢባስ በሚባለው ፕሮግራም የአማርኛው ሴራ አጻጻፍ ይመረጣል፤ ይህ በላቲን ፊደል ድምፅ ግዕዙን የሚያወጣ ስልት ነው። ከዚያ አንድ የተማሪ ካርድ አትሞ ስሙ ሁሉ በትክክል መውጣቱን ከወረቀቱ መዝገብ ጋራ ያመሳክር።

በመጨረሻም በኮምፒዩተሩ ጐን ላይ የሥርዓቱ ስም፥ የታደሰበት ቀንና ጥበቃው የሚያበቃበት ዓመት በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ፤ ለኡቡንቱ 22.04 2019፥ ለዴብያን 12 ከተራዘመው ጥበቃ ጋራ 2020፥ ለኡቡንቱ 24.04 2021 ዓ.ም. ነው። የይለፍ ቃሉ ግን በዚያ አይጻፍ። በፖስታ ታሽጎ በርእሰ መምህሩ ካዝና ይቀመጥ፤ መምህር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወርም ከክፍል ቍልፍና ከመዝገብ ጋራ በርክክብ ቅጹ ላይ ተቈጥሮ ይተላለፍ።